«ዋስ ሁኑልኝ» ሲሉን የምንፈርመው ምን ላይ ነው?

ክፋር ጋኒም ውስጥ ቤት የሚከራይ ወጣት ዋጋው ከተስማማው፣ አከራዩም ፊቱን አይቶ ሐሳቡን ካልቀየረ፣ ቀጥሎ የሚባለው «ሁለት ዓሬቪም አምጣ» ነው። ዓሬቭ ማለት ዋስ ነው። ያኔ ልጁ ወደ እናንተ ይደውላል። «አባዬ፣ አንድ ፊርማ ብቻ ናት» ይላል።

ፊቱን አይቶ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በ2012 መጀመሪያ ቂርያት ማልአኺ ውስጥ ነዋሪዎች ለእኛ ሰዎች ቤት ላለመሸጥና ላለማከራየት ተስማሙ ተብሎ ሕዝባችን ሰልፍ እንደወጣ ታስታውሳላችሁ። ቤቱም ቢሆን ፈላጊው ብዙ ነው። የቀላል ባቡሩ ቀይ መስመር በኦገስት 2023 ከተከፈተ ወዲህ ፔታሕ ቲክቫ ለቴል አቪቭ ሠራተኛ ይበልጥ ቀርባለች። ስለዚህ ቤት ያገኘ ልጅ እንዳያመልጠው ይቸኩላል፤ አባቱንም ያስቸኩላል።

ዋስነትን እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። እኔ እዚህ የተወለድኩ ነኝ፤ ቃሉን የሰማሁት ከአያቴ ነው። በአገር ቤት ዋስ የሚጠራው ሰው የሚያምነው፣ በሰፈሩ የታወቀ ሰው ነው፤ ጠብ ቢመጣ ሽማግሌ ይገባበታል። እዚህ ግን ነገሩ ወረቀት ነው፣ ያውም በዕብራይስጥ።

ከውሉ ጋር አብሮ የሚሰጣችሁ ወረቀት ብዙ ጊዜ «ሽታር ሖቭ» ይባላል፤ የዕዳ ሰነድ ማለት ነው። ከባዱ እሱ ነው። አከራዩ ገንዘብ ቀረብኝ ካለ፣ መጀመሪያ ፍርድ ቤት ከሶ ፍርድ ሳይጠብቅ፣ ሰነዱን ይዞ በቀጥታ ወደ ሆጻኣ ላፖዓል (ፍርድ አስፈጻሚው መሥሪያ ቤት) መሄድ ይችላል። መቃወም ይቻላል፤ ነገር ግን ጊዜው አጭር ነው። ስለዚህ ከዚያ ቢሮ ፖስታ የመጣለት ሰው ልጆቹ ለሻባት እስኪመጡ ድረስ መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ የለበትም።

በ2017 የጸናው የኪራይ ሕግ ተከራዩን በብዙ ነገር ረድቶታል። አከራዩ የቀጠረውን ደላላ ተከራዩ አይከፍልለትም። አስቸኳይ ብልሽት በ3 ቀን፣ ሌላው በ30 ቀን ውስጥ መጠገን አለበት። በማስያዣ የሚሰጥ ጥሬ ገንዘብ ወይም የባንክ ዋስትናም ጣሪያ ተበጅቶለታል፤ የ3 ወር ኪራይ ወይም የጠቅላላው ኪራይ አንድ ሦስተኛ፣ ከሁለቱ ያነሰው። ለምሳሌ ኪራዩ በወር 5,000 ሸቀል ሆኖ ውሉ የአንድ ዓመት ቢሆን፣ ከ15,000 ሸቀል በላይ መጠየቅ አይቻልም። ውሉ የ6 ወር ከሆነ ደግሞ 10,000 ነው።

ይህ ጣሪያ ግን የእናንተን ፊርማ አይሸፍንም! ዋስና ሽታር ሖቭ ከዚህ ውጭ ናቸው። የገንዘቡ ቦታ ባዶ ሆኖ «በኋላ እንሞላዋለን» ከተባላችሁ፣ የፈረማችሁት ቁጥር በሌለው ዕዳ ላይ ነው። እኔን ከተጠየቅሁ፣ ቁጥር ያልተጻፈበት ወረቀት ላይ እስክሪብቶ አለማሳረፍ ነው። ልጁ ይቀየም፤ ቂሙ ያልፋል።

ቁጥሩ ከተጻፈ በኋላ «ለቢታሖን ቢልቫድ» (ለማስያዣ ብቻ) እና «ሎ ሳሒር» (ለሌላ ሰው የማይተላለፍ) ተብሎ እንዲጨመር ጠይቁ። ብዙ አከራዮች እሺ ይላሉ። «ኦፕስያ» የሚለውንም ፈልጉት፤ ውሉ ለሌላ ዓመት ቢራዘም ዋስነቱ አብሮ ይቀጥል እንደሆነ የሚታወቀው እዚያ ጋ ነው።

አንዲት ሐረግ ደግሞ አለች፣ «ቤያሐድ ኡሌሑድ» የምትል። የልጅ ልጃችሁ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ቢከራይና እናንተ ለሦስቱም ብትፈርሙ፣ አንዱ ጓደኛ ጥሎ ቢሄድ የእሱን ድርሻ ጭምር ከእናንተ መጠየቅ ይቻላል። ልጁን ከእናንተ በላይ የሚያውቀው የለም፤ ጓደኞቹን ግን ስማቸውን እንኳ ላታውቁ ትችላላችሁ። ለልጃችሁ ድርሻ ብቻ ለመፈረም መጠየቅ ነውር አይደለም።

ዕብራይስጡን የሚያነብላችሁ ሰው ባይገኝ፣ ከ2000 ጀምሮ ለማኅበረሰባችን የሕግ እርዳታ የሚሰጠው «ጠበቃ» የተባለው ድርጅት አለ። ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የፍትሕ ሚኒስቴር የሕግ እርዳታ ክፍልም አለ። ሁለቱንም ከፊርማው በፊት ነው መጠየቅ፤ በኋላማ ሥራው ይከብዳል።

ልጁ ቤቱን ሲለቅ ቁልፍ ማስረከብ ብቻ አይበቃም። ዕዳ ከሌለበት፣ የፈረማችሁበትን ዋናውን ሰነድ፣ ፎቶ ኮፒውን ሳይሆን፣ ከአከራዩ ተቀብሎ ያምጣላችሁ።