ሩዙ ወተቱን የሚጠጣው መቼ ነው?

በሁዳዴ አንድ ምሽት ለራት የጠራኋቸው እንግዶች በሙሉ ጿሚዎች ነበሩ። ከሽሮውና ከጎመኑ በኋላ ምን ጣፋጭ ላቅርብ ብዬ ሳስብ ቆይቼ ከታይላንድ አገኘሁ፤ ካኦ ኒያው ማሙአንግ። «ካኦ ኒያው» ተጣባቂ ሩዝ ማለት ነው፣ «ማሙአንግ» ደግሞ ማንጎ። ሩዝ፣ የኮኮናት ወተት፣ ስኳር፣ ጨውና ማንጎ ከተገኙ ሌላ አያስፈልገውም። ወተት ይባል እንጂ ላም አልነካውም፤ የኮኮናቱ ነጭ ሥጋ ተፍቆና ተጨምቆ የሚወጣ ነው። አክስቴ ግን ሳህኑን አየት አድርጋ «እውነት ቅቤ የለበትም?» ብላ ሁለት ጊዜ ጠይቃኛለች።

እዚያ ደረጃ ለመድረስ አንድ ሙሉ ድስት አበላሽቻለሁ። መጀመሪያ የሞከርኩ ጊዜ ሩዙን በኮኮናት ወተትና በስኳር ጥጄ ቀቀልኩት። አንድ ሰዓት ያህል አማሰልኩት። ዙሪያው ገንፎ ሆነ፣ የፍሬው ልብ ግን ጥሬ ነበር፤ ጥርስ ላይ ይንኮሻኮሻል። ያን ቀን ያልገባኝ ነገር ዛሬ የምግቡ ሁሉ ቁልፍ ይመስለኛል፤ ሩዙ በወተቱ አይበስልም። በውሃ እንፋሎት ብቻ በስሎ ካለቀ በኋላ፣ ገና ትኩስ ሳለ፣ ወተቱን ይጠጣል።

ለምን እንደሆነ ለማየት ወደ ፍሬው ውስጥ እንግባ። ሩዝ በአብዛኛው ስታርች ነው፤ ስታርች ደግሞ ከሁለት ዓይነት ሰንሰለት ይሠራል። አሚሎስ የሚባለው ረጅምና ቅርንጫፍ የሌለው ነው ሊባል ይችላል፤ አሚሎፔክቲን የሚባለው ግን እንደ ቁጥቋጦ ቅርንጫፉ የበዛ ነው። ሁልጊዜ የምንቀቅለው ረጅሙ ሩዝ አሚሎሱ በርከት ስለሚል ሲበስል ፍሬው ከፍሬው ይለያያል። ተጣባቂው ሩዝ አሚሎስ የለውም ማለት ይቻላል፤ ስታርቹ ከሞላ ጎደል አሚሎፔክቲን ነው። ስለዚህ ያጣብቃል፣ ያብረቀርቃል፣ ሲታኘክ ይለመጣል። በላኦስና በሰሜን ምሥራቅ ታይላንድ ይህ የዕለት ምግብ ነው፤ በእጅ ቆርሰው፣ ጠቅልለው፣ ወጥ ነገር እያጠቀሱ ይበሉታል። በሚንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን ደግሞ የቻይና ግንበኞች የዚህን ሩዝ ሙቅ ከኖራ ጋር አዋህደው የከተማ ግንብ ሠርተውበታል። ግንቦቹ ዛሬም የቆሙ አሉ።

ስታርች እንዲበስል ውሃ መጠጣት አለበት። ስኳር ውሃውን ለራሱ ይይዘዋል፤ ስለዚህ ስኳር ቀድሞ ከገባ ስታርቹ ይጠማል፣ የሚያብጥበትም ሙቀት ከፍ ይላል። የኔ ድስት የተበላሸው በዚህ ነው። ሩዙ በስሎ ካበጠ በኋላ ግን ስኳሩ ሊከለክለው የሚችል ነገር የለም፤ ፍሬው ሙቅ ስለሆነ ጣፋጩን ፈሳሽ ወደ ውስጥ ይስበዋል።

ለአምስት ሰው 300 ግራም ተጣባቂ ሩዝ ይበቃል። የእስያ ሸቀጥ የሚሸጡ ሱቆች አላቸው፤ በሌላ ሩዝ መተካት ግን አይሆንም፣ ያለ እሱ ይህ ምግብ የለም። ውሃው እስኪጠራ ካጠቡት በኋላ ቢያንስ 4 ሰዓት ይዘፍዝፉት፤ ማታ ዘፍዝፎ ማደር ይሻላል። እንፋሎት ብቻውን ለደረቅ ፍሬ በቂ ውሃ አይሰጥም፣ ስለዚህ ፍሬው የሚያስፈልገውን ውሃ አስቀድሞ ይዞ መምጣት አለበት። ታይላንዶች ከቀርከሃ በተሠራ ሾጣጣ ቅርጫት ያበስሉታል። እኔ ወንፊት ላይ ንጹሕ ስስ ጨርቅ አነጥፌ፣ ሩዙን አፍስሼ፣ ውሃው ወንፊቱን እንዳይነካ አድርጌ በሚፈላ ድስት ላይ አስቀምጥና እከድነዋለሁ። ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ይወስዳል፤ መካከል ላይ አንድ ጊዜ ይገለበጣል። ጥሬው እንደ ጠመኔ ድፍን ነጭ ነው፤ ሲበስል ብርሃን የሚያሳልፍ ይመስላል። መብሰሉን ዓይን ይነግራል፣ ቀምሶ ማረጋገጥ ግን አይከፋም።

ሩዙ እንፋሎት ላይ ሳለ ከ400 ሚሊ ሊትር ጣሳ 250ውን ሚሊ ሊትር የኮኮናት ወተት በ120 ግራም ስኳርና በግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ያሙቁ። እንዳይንተከተክ፤ ከፈላ ቅባቱ ይለያል። ስኳሩ እንደሟሟ ከእሳት ያውርዱት። ሩዙን በቀጥታ ከእንፋሎቱ ወደ ሳህን ገልብጠው ወተቱን ያፍስሱበት፣ አንዴ አማስለው ይክደኑት። መጀመሪያ ሲያዩት ወተቱ የበዛ ይመስላል፤ ሌላ ሩዝ ልጨምር ያሰኛል። አይጨምሩ። 30 ደቂቃ ሲቆይ ሁሉንም ጠጥቶ ይወፍራል። የቀረውን 150 ሚሊ ሊትር በሩብ የሻይ ማንኪያ ጨውና በአንድ የሻይ ማንኪያ የሩዝ ዱቄት አወፍረው ለላዩ ያስቀምጡ። ይህ ላይኛው ስኳር የለውም፣ ስለዚህ ጨው ጨው ይላል። ማንጎው ጣፋጭ፣ ሩዙም ጣፋጭ ስለሆነ ያን ጨው ያስቀረ ሰው ከሦስተኛው ጉርሻ በኋላ ይሰለቸዋል።

ማንጎውን ታይላንዶች ናም ዶክ ማይ ከተባለው ዝርያ ይመርጣሉ፤ ትርጉሙ «የአበባ ውሃ» ነው። ረዘም ያለ፣ ቢጫ፣ ቃጫ የማይታይበት። ወቅቱ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ስለሆነ ከአዲስ ዓመታቸው ከሶንግክራን ጋር ይገጥማል፤ ብዙ ጊዜ ከሁዳዴያችን ወይም ከፋሲካችንም ጋር። ሌላ ማንጎም ይሆናል፣ ቃጫ የበዛበት ግን የሩዙን ለስላሳነት ያበላሻል። ከዛፉ ጋር በተያያዘበት በኩል ያሽትቱት፤ ካልሸተተ ገና ነው። ከበሰለ ሙዝ ጋር በወረቀት ቢጠቀለል ሙዙ የሚያወጣው ኤቲሊን የተባለ ጋዝ መብሰሉን ያፈጥነዋል፤ በማንጎው ውስጥ ያለው ስታርችም ወደ ስኳር ይለወጣል። ጥሬ ማንጎ ፍሪጅ ውስጥ ማስገባት ግን መብሰሉን ያቆመዋል።

ሩዙም ፍሪጅ አይወድም። ቅዝቃዜ ውስጥ የስታርቹ ሰንሰለቶች ተመልሰው ይሰለፋሉ፣ ፍሬውም ይደርቃል፤ እንጀራ ፍሪጅ ውስጥ እንደሚሆነው ዓይነት። ስለዚህ እንግዶቹ 1 ሰዓት ላይ የሚመጡ ከሆነ ሩዙን 11 ተኩል ላይ እጥደዋለሁ፣ ከድኜ ጠረጴዛ ላይ አቆየዋለሁ። ማንጎውን የምልጠው ራቱ ከተነሣ በኋላ ነው። ከጠፍጣፋው ዘር በሁለቱም በኩል ሥጋውን አነሣለሁ፣ በአግድሙ እቆርጠዋለሁ፣ ከሩዙ ጎን እደረድረዋለሁ፣ ጨው ያለበትን ወተት ሩዙ ላይ አፈስሳለሁ፤ ካለኝም የተቆላ ማሾ እነሰንስበታለሁ። አክስቴ ያን ምሽት ሳህኑን በማንኪያ ጠርጋ ከጨረሰች በኋላ የጠየቀችኝ ስለ ቅቤ አልነበረም፤ ሩዙ የት እንደሚሸጥ ነበር።