ያበጠው ዕጢ፣ የደረቀው አፍ

ከምራቅ ዕጢዎች ሁሉ ትልቁ ከጆሮ ፊትና ሥር፣ ከመንጋጋው መታጠፊያ ላይ ይገኛል። ጆሮ ደግፍ የያዘው ልጅ ጉንጩ የሚነፋው ይህ ዕጢ ስለሚቆጣ ነው። አዋቂ ሰው ግን ትኩሳትም ሕመምም ሳይኖረው በግራም በቀኝም ቀስ በቀስ ሲያብጥበት፣ ሐኪሙ ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ የመጠጥ ልማዱ ነው።

ዕጢው ምራቁን በየት በኩል እንደሚያፈስ የታየው እ.ኤ.አ. በ1660 ነው። ኒልስ ስቴንሰን የሚባል የ22 ዓመት ዴንማርካዊ የሕክምና ተማሪ አምስተርዳም ውስጥ የበግ ጭንቅላት ሲመረምር ቀጭን ዘንግ ወደ አንድ ቱቦ ሰደደ፤ ዘንጉም ገፍቶ ገፍቶ ጥርስ ሲነካ ድምፁን ሰማ። ቱቦው ዛሬም በስሙ ይጠራል። በሰው አፍ የሚከፈተው ከላይኛው ሁለተኛ መንጋጋ ጥርስ ትይዩ፣ በጉንጭ ውስጥ ስለሆነ ትንሿን ጉብታ በምላስ ፈልጎ ማግኘት ይቻላል።

ከዚህ ዕጢ ሌላ ከመንጋጋ ሥርና ከምላስ ሥር አንድ አንድ ጥንድ አለ፤ በከንፈርና በጉንጭ ውስጥ ደግሞ በመቶ የሚቆጠሩ ጥቃቅኖች። ሁሉም ተባብረው በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ተኩል ምራቅ ያመነጫሉ። አብዛኛው ውኃ ነው፤ ጥርስን ከአሲድ የሚጠብቁት ማዕድናት ግን እዚያው ውስጥ ናቸው።

ጠላም ሆነ ጠጅ ወይም አረቄ፣ የተጠጣው አልኮል ወደ ደም ከገባ በኋላ በምራቅም ይወጣል። መጠኑ በደም ካለው ጋር ስለሚቀራረብ፣ የጠጣን ሰው በምራቅ መመርመር ይቻላል። የከፋው ቀጥሎ ያለው ነው፦ የአፍ ባክቴሪያዎች አልኮሉን ወደ አሴታልዴሃይድ ይለውጡታል። ይህ ካንሰር አምጪ ንጥረ ነገር በምራቅ ውስጥ የሚኖረው መጠን በደም ካለው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። አፍና ጉሮሮ አልኮል ከሚያመጣቸው ካንሰሮች ዋና ሰለባዎች መሆናቸው አያስገርምም።

በጠጡ ማግስት አፍ የሚደርቀው በከፊል ከሽንት ብዛት ነው፤ ያ በውኃ ያልፋል። ለዓመታት አብዝቶ የጠጣ ሰው ችግር ግን ከነርቭ ይጀምራል። ለዕጢው “አፍስስ” የሚለውን ትእዛዝ የሚያደርሱት ነርቮች በአልኮል ሲጎዱ፣ ሴሎቹ ምራቅ የሚሆነውን ነገር ማዘጋጀታቸውን አይተዉም፤ መልቀቁ ነው የሚያቅታቸው። ሞልቶ በሩ እንደተዘጋበት ጎተራ ያብጣሉ። ዕጢው ተልቆ ሳለ አፉ የሚደርቀው ለዚህ ነው፤ እኔ በዚህ ሁሉ ውስጥ ከሁሉ የሚደንቀኝ ይህ ተቃርኖ ነው። እየቆየ ሲሄድ የሴሎቹን ቦታ ስብ ይወርሰዋል። የጉበት በሽታና የምግብ እጥረት ከመጠጡ ጋር ሲደመሩ ነገሩ ይብሳል። ስኳር በሽታም ይህንኑ እብጠት ሊያመጣ ስለሚችል ጉንጩ ያበጠ ሁሉ ጠጪ ነው ማለት አይደለም።

ምራቅ ያነሰው አፍ ደረቅ እንጀራ መዋጥ ይቸግረዋል፣ ጥርሱም ቶሎ ይበላል። መጠጡ ቆሞ አመጋገብ ሲስተካከል እብጠቱ ሊቀንስ ይችላል፤ ስብ የወረሰው ግን ብዙ ጊዜ እንዳበጠ ይቀራል። ፊትን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ በዕጢው መካከል ስለሚያልፍ፣ ቀዶ ሐኪሞች ለመልክ ብቻ ብለው ሊቆርጡት አይቸኩሉም።