ለሚመለከተው ሁሉ
ተከታታይ ልብ ወለድ፦ ክፍል ሰባት

ባለፈው ሳምንት የኔቫዳው ተመራጭ የአባቱን መርዶ ሰምቶ ከላስ ቬጋስ ሲበር፣ ከደሴ በአቀስታ አድርጎ መካነ ሰላም ሲገባ ትተነዋል። ቀብሩ አላለፈውም እንዳይባል አልፎታል፤ ድንኳኑ ግን አልፈረሰም።

መጋቢት 26 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። ሁዳዴና ረመዳን በገጠሙበት በዚያ ሰሞን የቅሬው ሴቶች ንፍሮውን በሁለት ሰፌድ ለይተው አስቀምጠዋል፤ አንዱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለሚፈቱት፣ ሌላው አዛን ለሚጠብቁት። የመጀመሪያው ሰፌድ ተጋምሷል። የቅሬው ዳኛ ሽማግሌ ሁለተኛውን ላለማየት ይመስል ፊታቸውን ወደ እንግዳው አዙረው ጨዋታ ያዙ።

«እንግዲህ አንተ እዚያ ሕግ ታወጣለህ ማለት ነው?»

«አዎ አባባ። ከ42 ሰዎች አንዱ ነኝ። 21 ሰዎች ያሉት ሌላ ምክር ቤትም አለ።»

«ደመወዙስ?»

«በሁለት ዓመት አንዴ ለ120 ቀን ካርሰን ሲቲ እንሰበሰባለን። ደመወዝ የሚታሰበው ለ60ው ቀን ነው። ለቀረው የውሎ አበል ብቻ።»

«ከኔ ትሻላለህ። የቅሬ ዳኛ አበልም የለው!»

ለቅሶ ቤት ነውና ሳቁ ወዲያው ተዋጠ። ሽማግሌው ግን አልጨረሱም። «እዚህስ መጥተህ ብትወዳደር? ባህር ዳር ምክር ቤት አንድ ሰው ቢኖረን ምን አለበት?»

ከኪሱ ቢጫ ካርዱን አውጥቶ አሳያቸው። የአሜሪካ ዜግነት ሲወስድ የኢትዮጵያው ቀረ፤ ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ አይፈቀድም። በአዋጅ 270/1994 የተሰጠው ይህ ካርድ ያለ ቪዛ ያስገባል፣ ያሠራል፣ ንብረትም ያስይዛል። መምረጥና መመረጥ ግን በግልጽ ተከልክሏል።

«ዲቪ ደርሶህ ስትሄድ ቅሬው መንገድ ያወጣልህ ለዚህ ነው?» አሉ ሽማግሌው ካርዱን እያገላበጡ። ቀልዳቸው ይሁን ምራቸው አልለየለትም።

ስልኩ የጮኸው ያኔ ነው። መካነ ሰላም መሸትሸት ሲል ላስ ቬጋስ ገና ጠዋት ነው፤ የደወለው የምርጫ ዘመቻውን የሚያስተባብርለት የድሮ የታክሲ ባልደረባው ነበር።

«ተቀምጠሃል?»

«ድንኳን ውስጥ ነኝ። ምን ሆነሃል?»

«እጩነትህን የሚቃወም ማመልከቻ ገብቷል። በወረዳው አይኖርም ብለውሃል።»

እዚህ ላይ አንባቢ ይታገሠኝ፤ ይህች ሕግ ሳትገባን ታሪኩ ወደፊት አይሄድም። አሜሪካኖቹ በየአሥር ዓመቱ ሕዝብ ከቆጠሩ በኋላ የምርጫ ወረዳዎቻቸውን ድንበር እንደገና ያሰምራሉ። የኔቫዳ ምክር ቤትም በኅዳር 2014 ልዩ ጉባኤ ተቀምጦ አዲሱን ካርታ አጸደቀ። የኛም ሰው ድጋፉን ሰጠ። ሲያጣራ የገዛ ቤቱ ከገዛ ወረዳው ውጭ ወድቋል! እጩ ደግሞ የምዝገባው ጊዜ ከመዘጋቱ ቢያንስ 30 ቀን አስቀድሞ በወረዳው ውስጥ መኖር አለበት። ስለዚህ በጥር አንዲት ባለ አንድ ክፍል አፓርታማ ተከራየ። ልብሱን ጠቅልሎ ገባ። ሚስቱ ግን «የልጆቹን ትምህርት ቤት ለካርታ ብዬ አልቀይርም» ብላ ከነልጆቹ በአሮጌው ቤት ቀረች።

ይህ ለሌላው ተመራጭ ተራ ነገር ሊሆን ይችላል። ለሐበሻ ግን ቁስሉ ትኩስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 አሌክሳንደር አሰፋ ለኔቫዳ ምክር ቤት ሲመረጥ ላስ ቬጋስ ያለ ኢትዮጵያዊ ሁሉ የልጁን ሠርግ ያየ ያህል ነበር የተደሰተው። ሰውዬው በመኖሪያ አድራሻና በዘመቻ ገንዘብ ጉዳይ የፖሊስ ምርመራ ተከፍቶበት እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2021 ወንበሩን ሲለቅ ደግሞ ስንቱ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ወዲህ በታክሲ ተራውም በቡና ቤቱም ለኛ ሰው የሚሰጠው ምክር አንድ ነበር፦ «አድራሻህን ጠብቅ!»

«ኪራዩን በየወሩ ከፍያለሁ፣ ውሉ አለ፣ የመብራት ሒሳቡ በስሜ ነው» አለ በስልኩ።

«እሱን አውቃለሁ። የሚያስፈራው ሦስተኛው ገጽ ነው። በአማርኛ ነው። ማህተም አለው። አስተርጉመው ነው ያቀረቡት።»

ኔትወርኩ ደካማ ስለሆነ ፎቶው በቴሌግራም ተንቀራፎ ወረደ። መጀመሪያ «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚለው መጣ፤ ቀጥሎ የራሱ ሙሉ ስም ከነአያቱ፤ ከዚያ «ከጥር 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ በቀበሌያችን የሚኖሩ መሆናቸውን እየገለጽን»፤ በመጨረሻ ፊርማው ላይ ግማሽ ያረፈ ሐምራዊ ክብ ማህተም። ቀኑ መጋቢት 12 ነው። አባቱ በሕይወት የነበሩበት፣ እሱም ላስ ቬጋስ በር ለበር ሲቀሰቅስ የዋለበት ቀን።

አጠገቡ የነበረው የወንድሙ ልጅ ስልኩን በትከሻው አሻግሮ አየና ማንም ሳያዘው ውሃ ሊቀዳ ተነሣ።

«ወንድም ጋሼ፣ ይሄን አንተ ነህ ያስወጣኸው?»

ታላቅ ወንድሙ ወረቀቱን አንብቦ ፊቱ ተለዋወጠ። ጋቢውን ገልጦ ከደረት ኪሱ አራት ቦታ የታጠፈ ሌላ ወረቀት አወጣ። ያው ቀበሌ፣ ያው ማህተም። ይህኛው ግን «ለረጅም ዓመታት በውጭ አገር የሚኖሩና የቀበሌያችን ነዋሪ ያልሆኑ» ይላል።

«እኔ ያስወጣሁት ይሄን ነው። ለውርሱ ጉዳይ። አልደበቅሁህም፤ ሐዘኑ ይውጣልን ብዬ ነው።»

ተመራጩ እጁን ዘረጋ። ይህን ወረቀት አሁኑኑ ፎቶ አንስቶ ቢልክ ያኛው ዋጋ ያጣል፤ ዓቃቤ ሕጉ ክሱን ወደ ዳኛ ሳይወስደው ሊያልቅለት ይችላል። ወንድሙ ግን ወረቀቱን ወደ ራሱ መለሰው።

«መጀመሪያ እዚህ ላይ ትፈርምልኛለህ። በአባታችን ቤትና መሬት ላይ ጥያቄ የለኝም ብለህ።»

«ዛሬ? በለቅሶው ላይ?»

«አንተስ የአሜሪካ ምርጫህን በለቅሶው ላይ አይደል የምታወራው?»

አዛን ተሰማ። ሽማግሌው ቴምራቸውን አነሡ። ሁለቱ ወንድማማቾች ግን ድምፃቸው እየከረረ ሄደ፤ እናትየው ከጓዳ እስኪወጡ ድረስ።

«ምንድን ነው የምትጨቃጨቁት? የቱ ወረቀት ነው?»

የስልኩን መስታወት አሳያቸው። ማንበብ አይችሉም፤ ማህተሙን ግን ለዩት።

«ይሄንንማ እኔ ነኝ ቀበሌ ሄጄ ያስወጣሁት። አባትህ ካልጋቸው ሆነው ልከውኝ። ይሄው ልጅ ነው በስልክ ያሻገረው።»

«ለማን እማዬ? ማን ጠየቃችሁ?»

እናትየው ግራ ተጋብተው አንዴ እሱን፣ አንዴ የውሃውን ጆግ ይዞ በሩ ላይ የቆመውን የልጅ ልጃቸውን አዩ።

«እንዴ! ሚስትህ ናታ የደወለችው። ‹ጉዳይ ይዤለት ነው፣ እሱ ግን እንዳይሰማ› ብላን። አልነገረችህም?»

ይቀጥላል