ሊንች ሲንድረም

ሊንች ሲንድረም ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ፣ በተለይ ለትልቁ አንጀት (ደንዳኔ) እና ለማህፀን ካንሰር የሚያጋልጥ የዘረመል ችግር ነው። ህዋስ ሲከፋፈል ዲኤንኤው ይገለበጣል፤ በዚህ ጊዜ የሚፈጠሩትን ስህተቶች የሚያርሙ ዘረመሎች አሉ፤ ከነዚህም ኤምኤልኤች1 እና ኤምኤስኤች2 ይገኙበታል። ሰው ከእያንዳንዱ ዘረመል ሁለት ቅጂ፣ አንዱን ከእናቱ ሌላውን ከአባቱ፣ ይወርሳል። አንዱ ቅጂ ተበላሽቶ ቢወረስም ሁለተኛው ሥራውን ይሠራል። በአንድ የአንጀት ህዋስ ውስጥ ይህም ከተበላሸ ግን ስህተቱ ሳይታረም ይከማቻል፤ ህዋሱም ወደ ካንሰር ሊለወጥ ይችላል። እንግዲህ የሚወረሰው ተጋላጭነቱ እንጂ ካንሰሩ ራሱ አይደለም። እያንዳንዱ ልጅ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ የተበላሸውን ቅጂ ከተሸካሚ ወላጁ የመውረስ ዕድሉ 50 በመቶ ነው።

አሜሪካዊው ሐኪም አልድሬድ ዋርቲን በ1895 እ.ኤ.አ. አንዲት ልብስ ሰፊ ዘመዶቿ በካንሰር እያለቁ መሆናቸውን ስትነግረው የቤተሰቧን የዘር ሐረግ መመዝገብ ጀመረ፤ ውጤቱንም በ1913 አሳተመ። እርሷም እንደ ፈራችው በማህፀን ካንሰር ሞተች። ስያሜው ግን የተወሰደው ጥናቱን በ1960ዎቹ ካስፋፋው ከሄንሪ ሊንች ነው።

ተሸካሚዎች ብዙውን ጊዜ ከወጣትነታቸው ጀምሮ በየ1 ወይም በየ2 ዓመቱ በኮሎኖስኮፒ ይመረመራሉ፤ የተገኘ እባጭ ካንሰር ከመሆኑ በፊት ተቆርጦ ይወጣል። በዘረመል ምርመራ ነጻ የሆነ ወንድም ወይም እህት ይህ የተለየ ክትትል አያስፈልገውም።