አንድ ቦታ በሁለት ስም፦ ኮምፓይለር ምን ይገምታል?

በአገራችን አንድ ሰው ሁለት ስም ቢኖረው የሚገርመው የለም። ጉለሌ ውስጥ በቤት ስሙ የምናውቀው ልጅ ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ በክርስትና ስሙ ይጠራል፤ ልጁ ግን ያው ልጅ ነው። በኮምፒዩተር ሜሞሪ ውስጥም አንድ ቦታ በሁለት ስም ሊጠራ ይችላል። ይህ ነገር ሲ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ምን ጣጣ እንደሚያመጣ ባጭሩ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ኮምፓይለር ማለት ሰው የጻፈውን ፕሮግራም ወደ ማሽን ቋንቋ የሚለውጥ ፕሮግራም ነው። መለወጥ ብቻ ሳይሆን እንዲፈጥንም ያሳጥረዋል። ለምሳሌ አንድን ቁጥር ከሜሞሪ አንዴ ካነበበ በኋላ፣ ቁጥሩ እንዳልተነካ ካመነ ተመልሶ አያነብም፤ በእጁ ያለውን ይጠቀማል።

ታዲያ እንዳልተነካ በምን ያውቃል? ደንብ አለ። በ1989 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የሲ ስታንዳርድ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ አንድ ቦታ የሚነበበውም የሚጻፍበትም በራሱ ዓይነት ነው ይላል። ኢንት የተባለው ሙሉ ቁጥር ያለበትን ቦታ ፍሎት በተባለው የነጥብ ቁጥር ጠቋሚ መንካት ክልክል ነው። ስለዚህ ኮምፓይለሩ የኢንት ጠቋሚና የፍሎት ጠቋሚ አንድ ቦታ ላይ አይገናኙም ብሎ ይገምታል።

በምሳሌ እንየው። በብዙ ኮምፒዩተሮች ኢንትም ፍሎትም 4 ባይት ናቸው።
1ኛ/ በኢንት ጠቋሚ 1 እንጽፋለን።
2ኛ/ እዚያው ቦታ ላይ በፍሎት ጠቋሚ 1.0 እንጽፋለን።
3ኛ/ በኢንት ጠቋሚ መልሰን እናነባለን።
ሜሞሪው በእርግጥ ከተነበበ የሚወጣው 1065353216 ነው፤ የ1.0 ቢቶች እንደ ሙሉ ቁጥር ሲታዩ ይህንኑ ይሰጣሉና። ኮምፓይለሩ እንዲያፋጥን ከታዘዘ ግን 1 ብሎ ሊመልስ ይችላል። ጽሑፉ አንድ፣ መልሱ ሁለት! ብዙ ጊዜ ማስጠንቀቂያም አይሰጥም። የተማሪዎችን ማርክ የሚደምር ፕሮግራም እንዲህ ቢሆን ማን ያውቅበታል?

መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም። ባይቶቹን ሜምኮፒ በተባለው ትእዛዝ ወደ ሌላው ዓይነት መገልበጥ ይቻላል። ሌላው፣ አንሳይንድ ቻር በተባለው ዓይነት ማንኛውንም ቦታ ባይት በባይት ማየት በደንቡ የተፈቀደ ነው። ለምሳሌ ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ሲገባ «ሀ» 4608 ቁጥርን አገኘች፤ በዩቲኤፍ 8 ስትጻፍ 225፣ 136 እና 128 የሚሉ ሦስት ባይቶች ትሆናለች። እነዚህን ባይቶች በዚህ መንገድ ብናይ ያጠፋነው የለም።

ግምቱን ጨርሶ የሚያጠፉም አሉ። ጂሲሲ የተባለው ኮምፓይለር ሁለተኛው የማፋጠን ደረጃ ላይ ግምቱን ይጠቀማል፤ የሊኑክስ ከርነል ሠሪዎች ግን እንዳይጠቀም አዘውት ነው የሚሠሩት። ከፍጥነቱ ጥቂት ቢቀርባቸውም ሥጋት ይቀንስላቸዋል።

እንግዲህ ለመምህርነት የምንሰለጥን ሁሉ ከዚህ የምንይዘው ቁም ነገር አለ። ተማሪ በተሳሳተ ዘዴ ትክክለኛ መልስ ቢያገኝ ዘዴውን እናርማለን እንጂ በመልሱ ብቻ «ራይት» ብለን አናልፍም። ፕሮግራምም እንዲሁ ነው፤ ዛሬ ሠራ ማለት ትክክል ነው ማለት አይደለም።