አንድ ሶሌታ ስንት ሲሚንቶ ይበላል?

የግንባታ ወጪ ግምት የሚጀምረው ከዋጋ ሳይሆን ከመጠን ነው። ዲዛይኑ ላይ የተሳለው ሥራ ሁሉ በየራሱ መለኪያ ይለካል፤ ቁፋሮና አርማታ በሜትር ኩብ፣ ግድግዳ፣ ልስንና ፎርምወርክ በካሬ ሜትር፣ ፌሮ በኪሎ። ባለሙያዎች ይህን ልኬት ቴክኦፍ ይሉታል። ውጤቱ ከነሥራው ዝርዝር በሰንጠረዥ ሲሰፍር ቢል ኦፍ ኳንቲቲ ይሆናል፤ ዋጋ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። «ካሬው በስንት ያልቃል?» የሚለው የተለመደ ጥያቄ ለመነሻ ሐሳብ ይጠቅም ይሆናል እንጂ ሲሚንቶ ለመግዛት አይበቃም። ስፋታቸው እኩል ከሆነ ሁለት ቤቶች አንዱ መረሬ መሬት ላይ፣ ሌላው አለት ላይ ቢያርፍ የመሠረታቸው ወጪ አይገናኝም።

አሠራሩን ለማየት ርዝመቱ 5 ሜትር፣ ስፋቱ 4 ሜትር፣ ውፍረቱ 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሶሌታ ይበቃል። ሲባዛ 3 ሜትር ኩብ አርማታ ይመጣል። ይህ ግን ተቦክቶና ተጠቅጥቆ ቅርጹን የያዘው አርማታ ልክ ነው። ሲሚንቶ፣ አሸዋና ጠጠር ደረቅ ሳሉ በመካከላቸው ብዙ ክፍተት አለ፤ ሲደባለቁ አሸዋው በጠጠሩ፣ ሲሚንቶው በአሸዋው መሐል እየገባ መጠናቸው ይቀንሳል። ስለዚህ ገማቾች የአርማታውን ልክ በ1.54 ያባዙታል፤ 3 ሜትር ኩቡ 4.62 ይሆናል። ድብልቁ 1 ለ2 ለ3 ከሆነ 4.62 ለ6 ይካፈልና አንዱ ድርሻ 0.77 ሜትር ኩብ ይደርሳል። አንድ ሜትር ኩብ ሲሚንቶ 1,440 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን የሚያስፈልገው 1,109 ኪሎ፣ ማለትም ከ22 ከረጢት ትንሽ ያለፈ ነው። 5 በመቶ ብክነት ሲታከልበት 24 ከረጢት ወይም 12 ኩንታል ይገዛል። አሸዋው 1.54፣ ጠጠሩ ደግሞ 2.31 ሜትር ኩብ ሆኖ የብክነቱ ድርሻ በላዩ ይጨመራል።

ማባዣውን የዘነጋ ሰው 15 ከረጢት ገዝቶ ሥራ ያስጀምራል፤ ሶሌታው ሁለት ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ሲሚንቶው ያልቃል። ጉዳቱ የሠራተኛ ቀን መቃጠሉ ብቻ አይደለም። በማግስቱ የሚፈስሰው አርማታ ትናንት ከደረቀው ጋር በደንብ ስለማይያያዝ መገጣጠሚያው ላይ ስንጥቅና የውሃ ማስረጊያ ይፈጠራል።

በወረቀት የተሰላው ልክ ሥራ ቦታ ላይ የሚጠበቀው በሳጥን ነው። አንድ ከረጢት ሲሚንቶ 35 ሊትር ገደማ ቦታ ይይዛል፤ 50 በ40 በ18 ሳንቲ ሜትር የሆነ የእንጨት ሳጥን ደግሞ 36 ሊትር ስለሚይዝ ከከረጢቱ ጋር ይመጣጠናል። አናጢው ቁመቱን 20 ሳንቲ ሜትር ቢያደርገው ሳጥኑ 40 ሊትር ይሆናል፤ በዚያች 2 ሳንቲ ሜትር ምክንያት በየቡኮው ከ10 በመቶ በላይ ትርፍ አሸዋና ጠጠር ይገባል። በአካፋ እየገመቱ የሚያቦኩበት ቦታ ላይማ ልክ የሚባል ነገር የለም።

ከሦስቱ ይበልጥ የሚያታልለው አሸዋ ነው። እርጥብ አሸዋ ያብጣል፤ እንደ እርጥበቱ ከደረቁ እስከ ሩብ የሚደርስና ከዚያም የሚያልፍ ተጨማሪ ቦታ ሊይዝ ስለሚችል በሜትር ኩብ የገዛው ሰው ከፊሉን ገንዘብ የሚከፍለው ለአየር ነው። ሲኖትራክ ሲመጣ የጭነቱን ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት በሜትር መለካት፣ እርጥበቱንም በእጅ ጨብጦ ማየት የሚገባው ለዚህ ነው። ንጽሕናውን ለማወቅ ብርጭቆ ማሰሮ ይበቃል፤ ግማሹን በአሸዋ፣ ቀሪውን ጥቂት ጨው በገባበት ውሃ ሞልቶ መናጥና ለጥቂት ሰዓታት መተው ነው። ጭቃው ከአሸዋው በላይ ራሱን የቻለ ንብርብር ሠርቶ ይታያል። ጭቃው ከ6 በመቶ ከበለጠ አሸዋው መታጠብ ወይም መመለስ አለበት፤ ጭቃ ሲሚንቶው ከአሸዋው ጋር እንዳይያያዝ ይጋርዳልና።

ሲሚንቶው ራሱ በአብዛኛው ሁለት ዓይነት ሆኖ ይሸጣል። ኦፒሲ ቶሎ ስለሚጠነክር ለምሰሶ፣ ለቢምና ለሶሌታ ይመረጣል። ፖዞላና የተቀላቀለበት ፒፒሲ ቀስ ብሎ ይጠነክራል፤ ለግንብና ለልስን ተስማሚ ነው።

ውሃ በግምት ሰነድ ላይ እምብዛም ዋጋ አይወጣለትም፤ የአርማታውን ጥንካሬ በመወሰን ግን ከሲሚንቶ አያንስም። ለአንድ ከረጢት 25 ሊትር ያህል ይበቃል፤ አሸዋው ውስጥ ያለው እርጥበትም ከዚሁ ላይ ይቀነሳል። ሠራተኛ ድብልቁ እንዲቀልለት ባልዲ ሲጨምር ትርፉ ውሃ በኋላ ተንኖ ጥቃቅን ቀዳዳ ይተዋል። ሲ-25 የተባለ አርማታ በ28 ቀኑ በእያንዳንዱ ጎኑ 15 ሳንቲ ሜትር በሆነ ኩብ ሲፈተን 57 ቶን፣ ማለትም 570 ኩንታል ያህል ጭነት መሸከም አለበት። ይህን ጉልበት በጥቂት ባልዲ ውሃ ማጥፋት ይቻላል። ከተሞላ በኋላ ግን ቢያንስ ለ7 ቀን ውሃ ሊጠጣ ይገባል፤ የዚህ ሥራ ቀን ክፍያ ከግምቱ መዘለል የለበትም።

የፌሮ ክብደት በአጭር ቀመር ይገኛል፤ ውፍረቱ በሚሊ ሜትር በራሱ ተባዝቶ ለ162 ሲካፈል የአንድ ሜትሩን ኪሎ ይሰጣል። ባለ 10 ፌሮ 0.617 ኪሎ ነው። ከላይ ባለው ሶሌታ በሁለቱም አቅጣጫ በየ20 ሳንቲ ሜትር ባለ 10 ቢደረደር 21 ባለ 5 ሜትርና 26 ባለ 4 ሜትር ቁራጭ፣ በድምሩ 209 ሜትር ወይም 129 ኪሎ ይፈልጋል። 209 ለ12 ሜትር ሲካፈል 18 ዘንግ የሚበቃ ይመስላል። ፌራዮው ሲቆርጥ ግን ከአንዱ ዘንግ ሁለት ባለ 5 ሜትር ብቻ አውጥቶ 2 ሜትር ይተርፈዋል፤ ስለዚህ 11 ዘንግ ለአንዱ፣ 9 ለሌላው፣ በጠቅላላው 20 ዘንግ መገዛት አለበት። ጥሩ ገማች የአቆራረጥ ዝርዝሩን ሳይሠራ የፌሮ ቁጥር አይሰጥም።

መጠኑ ከታወቀ በኋላ የአንዱ ሜትር ኩብ ነጠላ ዋጋ ይወጣል። በውስጡ ዕቃው ከነማጓጓዣው፣ የሚክሰርና የቫይብሬተር ኪራይ፣ እንዲሁም የሠራተኛው ቡድን የቀን ክፍያ በቀን ለሚሠራው ልክ ተካፍሎ ይገባል። በዚህ ላይ የአስተዳደር ወጪና ትርፍ፣ በመጨረሻም 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ይታሰባል። ከመሬት በታች ያለውን ማንም አስቀድሞ ስለማያይ ለቁፋሮ መጠባበቂያ ይያዛል። ሰነዱ ላይ ዋጋው የተወሰደበት ቀን መጻፍ አለበት፤ የሲሚንቶ ገበያ ሲለወጥ የሚታደሰው የነጠላ ዋጋው ዓምድ ብቻ ነው፤ የመጠኑ ዓምድ ዲዛይኑ እስካልተነካ ድረስ እንዳለ ይቆያል።