ቮልቮ ተሽጦ ኖረ፤ ሳአብ ተሽጦ ሞተ
የመኪና ስም ባለቤት ሲቀይር ገዢና ነጋዴ ምን ማየት አለባቸው?

አንድ መኪና ከእጅ ወደ እጅ ሲዛወር ውል ይፈረማል፣ ሊብሬው በአዲሱ ባለቤት ስም ይዞራል፣ ደላላው ኮሚሽኑን ይቀበላል፤ ነገሩም በዚያው ያልቃል። መኪናውን የሚሠራው ኩባንያ ባለቤት ሲቀይር ግን ጉዳዩ በሻጭና በገዢ መካከል ብቻ አይቀርም። ትናንት መኪናውን በውድ ዋጋ የገዛው ሰው፣ መጋዘኑን በመለዋወጫ የሞላው ነጋዴ፣ የወኪልነት ውል የፈረመው አስመጪ ሁሉ ሳይጠየቁ የውሉ ተካፋይ ይሆናሉ። አዲሱ ባለቤት ገንዘብ አፍስሶ ስሙን ካሳደገው በእጃቸው ያለው ንብረት ዋጋውን ይጠብቃል። ካዳከመው ወይም ከዘጋው ደግሞ ሸቀጣቸው ገዢ ያጣል።

ይህን ጉዳይ ለመመርመር ለሚፈልግ ሰው ስዊድን ጥሩ ምሳሌ ትሆናለች። ይህች አገር ቮልቮና ሳአብ የተባሉ ሁለት የመኪና ስሞችን ለዓለም ገበያ አቅርባለች። ሁለቱም በአሥር ዓመት ልዩነት ውስጥ በአሜሪካ ግዙፍ ኩባንያዎች እጅ ገቡ። ሁለቱም በ2010 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) እንደገና ለሌላ ባለቤት ተሸጡ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር እንዲሉ፣ ቮልቮ በ2024 ከ763 ሺህ በላይ መኪኖች ሲሸጥ፣ ሳአብ ግን ከተሸጠ ሁለት ዓመት ሳይሞላው የኪሳራ ማመልከቻውን ለፍርድ ቤት አስገብቷል። ልዩነቱ የመጣው ከየት ነው?

የቮልቮ መንገድ

ቮልቮ የመጀመሪያ መኪናውን ያወጣው በ1927 በጎተንበርግ ከተማ ነው። አውቶሞቢሉም የጭነት መኪናውም ለረዥም ዓመታት በአንድ ኩባንያ ሥር ነበሩ። በ1993 ከፈረንሳዩ ሬኖ ጋር ለመዋሐድ የተደረገው ሙከራ በባለአክሲዮኖች ተቃውሞ ከከሸፈ በኋላ፣ በ1999 ኩባንያው የአውቶሞቢል ክፍሉን ብቻ ነጥሎ ለአሜሪካው ፎርድ በ6.45 ቢሊዮን ዶላር ሸጠው።

እዚህ ላይ ለአገራችን አንባቢ መለየት ያለበት ነገር አለ። በእኛ አገር ቮልቮ ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ የሚሄደው ወደ ጭነት መኪናው ነው። ያኛው ግን በ1999ኙ ሽያጭ ውስጥ አልነበረም፤ ከዋናው ኩባንያ ጋር ቀርቷል። ‹‹ቮልቮ›› የሚለው የንግድ ስም ሁለቱ ወገኖች እኩል ድርሻ ባላቸው አንድ ኩባንያ እጅ ተቀምጧል። በከባድ መኪናው ግንባርና በአውቶሞቢሉ አፍንጫ ላይ የተለጠፈው ስም አንድ ሲሆን ባለቤቶቹ ግን የተለያዩ ናቸው።

ፎርድ ቮልቮን ከጃጓር፣ ከላንድሮቨርና ከአስተን ማርቲን ጋር በአንድ ክፍል አደራጀው። ወጪ ለመቆጠብም ሻንሲውና ሌሎች ክፍሎች ከፎርድ መኪኖች ጋር የጋራ እንዲሆኑ ተደረገ። ሁለተኛው ትውልድ ቮልቮ ኤስ 40 ከፎርድ ፎከስና ከማዝዳ 3 ጋር በአንድ መሠረት ላይ የተሠራው በዚህ ምክንያት ነበር። ሆኖም ፎርድ ራሱ ታመመ። በ2006 ብቻ 12.6 ቢሊዮን ዶላር ከሰረ፤ በ2008 ደግሞ ኪሳራው ከ14 ቢሊዮን ዶላር አለፈ። ባለቤቱ ሲታመም ንብረቱ ለገበያ መውጣቱ አይቀርምና በ2007 አስተን ማርቲን፣ በ2008 ጃጓርና ላንድሮቨር ተሸጡ፤ የኋለኞቹን ሁለቱን የወሰደው የሕንዱ ታታ ነው። በ2009 የቮልቮ ዓመታዊ ሽያጭ ወደ 335 ሺህ ዝቅ ብሎ ነበር።

በማርች 2010 የቻይናው ጂሊ በ1.8 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛው ተፈራረመ። ሽያጩ በኦገስት ሲጠናቀቅ የተከፈለው ሒሳብ ከዚህም ዝቅ ያለ ነበር። ፎርድ ከገዛበት ዋጋ 30 በመቶውን እንኳ አላገኘም ማለት ነው።

በወቅቱ የነበረው ሥጋት ቀላል አልነበረም። የጂሊ መሥራች ሚስተር ሊ ሹፉ ንግዳቸውን በ1986 በማቀዝቀዣ ሥራ የጀመሩ፣ ኋላም ወደ ሞተር ብስክሌት የተሸጋገሩ ሰው ናቸው። አውቶሞቢል መሥራት የጀመሩት በ1990ዎቹ መገባደጃ ሲሆን፣ መኪኖቻቸውም በርካሽነታቸው እንጂ በጥራታቸው የሚታወቁ አልነበሩም። በ1959 ባለ ሦስት ነጥብ የደህንነት ቀበቶን ለዓለም ያስተዋወቀው ቮልቮ በዚህ ሰው እጅ መግባቱ የስዊድን የሠራተኛ ማኅበራትን ማሳሰቡ አልቀረም።

የሆነው ግን ሌላ ነው። የቮልቮ ዋና መሥሪያ ቤትና የምርምር ማዕከል ከጎተንበርግ አልተነቀለም። የጎተንበርግና የቤልጂየሙ ጌንት ፋብሪካዎች ሥራቸውን ቀጠሉ። ከሁሉም በላይ አዲሱ ባለቤት ወደ 11 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ የኢንቨስትመንት ዕቅድ ፈቀደ። በዚህ ገንዘብ ቮልቮ የራሱን አዲስ ሻንሲና የራሱን አዲስ ሞተር ሠርቶ ከፎርድ ዕቃ ጥገኝነት ወጣ። የዚህ ሥራ የመጀመሪያ ፍሬ የሆነው አዲሱ ኤክስሲ 90 በ2014 ለዕይታ በቃ። በ2015 ሽያጩ ለመጀመሪያ ጊዜ ከግማሽ ሚሊዮን አለፈ፤ በ2019 ደግሞ 705 ሺህ ደረሰ።

ጂሊ ይህን ያደረገው ለጽድቅ አይደለም። በ2013 በጎተንበርግ የጋራ የምርምር ማዕከል አቋቁሞ፣ ከቮልቮ ጋር ባዘጋጀው ሻንሲ ላይ የራሱን መኪኖች ሠርቷል። በቻይናዋ ቼንግዱ የተከፈተው የቮልቮ ፋብሪካም ለዓለም ሰፊው የመኪና ገበያ በር ሆኗል። ገዢውም የተገዛውም ስለተጠቀሙ ጋብቻው ሊዘልቅ ችሏል።

የሳአብ መንገድ

የሳአብ ታሪክ በአንጻሩ ሌላ ነው። አውሮፕላን ሠሪው ሳአብ በ1949 የመጀመሪያ አውቶሞቢሉን ለገበያ ያቀረበ ሲሆን፣ በ1970ዎቹ መጨረሻም ተርቦ ሞተርን በተራ የቤት መኪና ላይ በማስለመድ ስም አትርፏል። በ1990 ጄኔራል ሞተርስ የአውቶሞቢል ክፍሉን ግማሽ በ600 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ በ2000 ቀሪውን ግማሽ ጠቀለለ።

ጄኔራል ሞተርስ የፈለገው ስሙን ይዞ ወጪውን መቀነስ ነበር። በ1993 የቀረበው አዲሱ ሳአብ 900 ከኦፔል ቬክትራ ጋር በአንድ መሠረት ላይ የተሠራ ነው። ይህ እንኳ የሚታለፍ ነበር። በ2004 እና በ2005 በአሜሪካ ገበያ የቀረቡት ሁለት መኪኖች ግን ገበያተኛውን አስቀየሙ። አንደኛው የሱባሩ ኢምፕሬዛ ሲሆን፣ ሁለተኛው በኦሃዮ የሚገጣጠም የሸቭሮሌ መኪና ነበር። ሁለቱም የሳአብ አርማ ተለጥፎባቸው በሳአብ ዋጋ ተሸጡ። ቦኔቱን ከፍቶ የሚያየው ደንበኛ የከፈለው ለአርማው መሆኑን ለማወቅ ጊዜ አልወሰደበትም። በ2006 ከ130 ሺህ በላይ የነበረው ዓመታዊ ሽያጭ በ2009 ከ40 ሺህ በታች ወረደ።

በጁን 2009 ጄኔራል ሞተርስ ራሱ የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ሳአብን የሸጠበት አኳኋን ነው እንግዲህ ለነጋዴ ትምህርት የሚሆነው። በመጀመሪያ በዲሴምበር 2009 የነባሮቹ የሳአብ ሞዴሎች የቴክኖሎጂ መብት ለቻይናው ቤይጂንግ አውቶሞቲቭ ወደ 200 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሸጠ። ቀጥሎ በ2010 መጀመሪያ ኩባንያው ራሱ ስፓይከር ለተባለ የሆላንድ የውድድር ዓይነት መኪና ሠሪ ተላለፈ። ዋጋው 74 ሚሊዮን ዶላር ጥሬ ገንዘብና 326 ሚሊዮን ዶላር የሚገመት ቅድሚያ ያለው አክሲዮን ነበር። የአዲሶቹ ሞዴሎች ቴክኖሎጂ ግን በጄኔራል ሞተርስ እጅ ቀረ፤ ሳአብ የሚጠቀምበት በፈቃድ ብቻ ነው። ከአዲሶቹ አንዱ የሆነው 9-4 ኤክስ የሚገጣጠመውም ሜክሲኮ ውስጥ በራሱ በጄኔራል ሞተርስ ፋብሪካ ነበር። ላሟን ሸጦ ወተቷን እንደ ማስቀረት ያለ ውል ነው።

ስፓይከር በዓመት ጥቂት መኪኖች የሚሠራ ትንሽ ኩባንያ በመሆኑ የሚቀጥለውን ሞዴል የሚሸፍንበት አቅም አልነበረውም። በኤፕሪል 2011 ዕቃ አቅራቢዎች ሒሳባቸው ስላልተከፈላቸው ማቅረብ አቆሙ፤ የትሮልሄታን ፋብሪካም ሥራ አቋረጠ። ሁለት የቻይና ኩባንያዎች ገንዘብ ይዘው ቀረቡ። ጄኔራል ሞተርስ ግን ባለቤትነቱ ለእነርሱ የሚተላለፍ ከሆነ የቴክኖሎጂ ፈቃዱን እንደማይቀጥል አስታወቀ። ቻይና ውስጥ ከአገሬው ሸሪኮቹ ጋር የሚያካሂደው ትልቅ ንግድ ስላለው፣ በራሱ ቴክኖሎጂ ተቀናቃኝ ማፍራት አልፈለገም። ሳአብ በዲሴምበር 19 ቀን 2011 የኪሳራ ማመልከቻውን አስገባ። በ2012 ንብረቱን የገዛው ሌላ ኩባንያ በሳአብ ስም ጥቂት መኪኖች ቢሠራም፣ የስሙ ባለቤት የሆነው አውሮፕላን ሠሪው ሳአብ በ2014 ፈቃዱን አነሳ። በዚህ ሁኔታ ስሙ ከመኪና ገበያ ወጣ።

ሦስቱ ጥያቄዎች

የሁለቱን ታሪክ ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ሦስት ጥያቄዎችን ያገኛል።

የመጀመሪያው፣ በሽያጩ የተላለፈው ምንድን ነው? የሚለው ነው። ስም፣ ፋብሪካና የቴክኖሎጂ መብት አንድ ላይ ላይሸጡ ይችላሉ። በ1998 ቮልስዋገን የሮልስ ሮይስንና የቤንትሌይን ፋብሪካ በ430 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛ። ሮልስ ሮይስ የሚለውን ስም ለመኪና የመፍቀድ መብት የነበረው ግን የአውሮፕላን ሞተር ሠሪው ሮልስ ሮይስ ነበር። እርሱም ስሙን በ40 ሚሊዮን ፓውንድ ለቢ ኤም ደብሊው ሰጠው። ከ2003 ወዲህ ሮልስ ሮይስ የቢ ኤም ደብሊው ሆኖ በሌላ ፋብሪካ ይሠራል።

ሁለተኛው፣ የሚቀጥለውን ሞዴል ወጪ የሚችለው ማን ነው? አዲስ መኪና ከሐሳብ እስከ ገበያ ለመድረስ ዓመታትና ቢሊዮኖች ይጠይቃል። በሽያጭ ላይ ያለው ሞዴል ጥሩ ቢሆንም፣ ተተኪ የሌለው ስም ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሚያቀርበው ነገር ያጣል። ጂሊ ይህን ወጪ ቻለ፤ ስፓይከር አልቻለም።

ሦስተኛው፣ መለዋወጫው በማን እጅ ነው? ሳአብ ሲዘጋ የመለዋወጫ ክፍሉ ራሱን የቻለ ኩባንያ ሆኖ ለስዊድን መንግሥት የብድር ዋስትና በመያዣነት ተይዞ ስለነበር ከኪሳራው ተርፏል። ኋላም ኦሪዮ በሚል ስም ሥራውን ቀጠለ። ነባር የሳአብ ባለቤቶች ፋብሪካው ከተዘጋ በኋላም ዕቃ ማግኘት የቻሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ባንዲራውስ?

የባለቤቱ ዜግነት ምንም ለውጥ አያመጣም ብሎ መደምደም ግን አይቻልም። በ2024 አሜሪካ በቻይና በሚሠሩ የኤሌክትሪክ መኪኖች ላይ ቀረጡን 100 በመቶ አደረሰች። የአውሮፓ ኅብረትም በጂሊ ቡድን የቻይና ምርቶች ላይ የ18.8 በመቶ ተጨማሪ ቀረጥ ጣለ። በመጀመሪያ ቻይና ይገጣጠም የነበረው ትንሹ ኤሌክትሪክ ቮልቮ ኢኤክስ 30 በ2025 በጌንትም መገጣጠም የጀመረው ከዚሁ ጋር በተያያዘ ነው። በጃንዋሪ 2025 ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት ከቻይና ጋር ግንኙነት ያላቸውን የመኪና ሶፍትዌሮች የሚከለክል ደንብ አወጣ። በ2010 ቮልቮን ያዳነው የቻይና ገንዘብ ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ ዕዳም ይዞ መጣ።

አክሲዮን የሚገዛ ሰውም ከዚህ የሚማረው አለ። ቮልቮ በኦክቶበር 2021 በስቶክሆልም የአክሲዮን ገበያ ሲገባ የአንዱ ዋጋ 53 ክሮኖር ነበር። የመኪና ሽያጩ ከፍተኛ ቁጥር ባስመዘገበበት በ2024 ማግስት፣ በ2025 ጸደይ አክሲዮኑ ከ20 ክሮኖር በታች ወርዶ ነበር። ብዙ መኪና መሸጥና የባለአክሲዮንን ኪስ መሙላት ለየቅል ናቸው።

ወደ አገራችን ገበያ ስንመለስ፣ የኢትዮጵያ መንግሥት በጃንዋሪ 2024 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መወሰኑን ካስታወቀ ወዲህ አስመጪው ፊቱን ወደ ኤሌክትሪክ መኪና፣ በተለይም ወደ ቻይና ምርት አዙሯል። ከእነዚህ ስሞች ብዙዎቹ ዕድሜያቸው አጭር ነው፤ በቻይና ያለው የዋጋ ፉክክርም ሁሉንም የሚያኖር አይመስልም። ‹‹ኔታ›› የተባለውን ኤሌክትሪክ መኪና የሚሠራው ሆዞን በ2025 የኪሳራ ሒደት ውስጥ መግባቱ ለዚህ ማሳያ ነው። በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ደግሞ ችግሩ ይብሳል። የነዳጅ መኪና አምራቹ ቢዘጋ ጎበዝ መካኒክ ከሌላ መኪና ዕቃ አገናኝቶ ያስነሳው ይሆናል። ባትሪውና ሶፍትዌሩ ግን ያለ አምራቹ ቁልፍ በቀላሉ የሚከፈቱ አይደሉም።

ስለዚህ ወኪልነት የሚፈርም አስመጪ ከፋብሪካው ስም ባሻገር የባለቤቱን ሒሳብ ይመርምር። የባትሪና የመለዋወጫ አቅርቦት ባለቤትነት ቢዛወርም ስንት ዓመት እንደሚቀጥል በውሉ ውስጥ ያስገባ። ደላላውም ‹‹ሞዴሉ ስንት ነው?›› ለሚል ደንበኛ መልስ ከመስጠቱ በፊት መኪናውን የሠራው ኩባንያ ዛሬ የማን እንደሆነ ቢያውቅ፣ ነገ የሚሸጠውን ዋጋ ከወዲሁ መገመት ይችላል።